የውጪው ስፒከር

በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ግርግር ሰሞን ቡራዩ ውስጥ አንድ ሱቅ ሁለት ጥፋት ሊሠራ ይችል ነበር፤ መከፈትና መዘጋት። አድማ በተጠራ ቀን የከፈተ መስኮቱ አድማውን በሚያስጠብቁት ወጣቶች ድንጋይ ይረግፋል። የዘጋ ደግሞ የቀበሌ ሰዎች መጥተው በሩ ላይ «ታሽጓል» የሚል ወረቀት ይለጥፉበታል። ስለዚህ ከተማው በሙሉ አንድ ጥበብ ተማረ፤ በር ገርበብ ማድረግ። ዳቦ ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱና ወፍጮ ቤቱ በእኩል ስፋት ገርበብ ብለው ሲታዩ በሜትር እየለካ የሚያልፍ ሰው ያለ ይመስላል።

ፊልም ቤት ግን ገርበብ ማለት አይችልም፤ የሚታወቀው በድምፁ ነው። የፊልም ቤቱ ባለቤት፣ ከሰሜን መጥተው የከተሙት ሴትዮ፣ እትዬ እንላቸው ነበር። ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ያንን አንድ ክፍል ከተከራዩ ጀምሮ፣ እንደ ሰፈሩ ልማድ፣ ትልቁን ስፒከር ከበሩ በላይ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙረው ሰቅለውታል። መንገደኛ ሰምቶ እንዲገባ ነው። ከፍሎ የገባው ሰው በነፃ ከሚያልፈው ያነሰ ይሰማ ነበር፤ በዚህ ያጉረመረመ ደንበኛ አላስታውስም።

የሦስት ቀን አድማ ተጠራ። እትዬ በቀደመው አድማ ዘግተው ታሽገው ነበር፤ አሁን ከደገሙት ፈቃዳቸው እንደሚነጠቅ ተነግሯቸዋል። አከራያቸው በበኩሉ መስኮት ከተሰበረ ቤቴን ይልቀቁ ብሏል። ከዚያች ክፍል ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። እኔን አስጠሩኝ።

በሰፈሩ «ኮምፒውተር ያውቃል» የምባለው እኔ ነበርኩ። ያወቅሁት ግጥምን ባወቅሁበት መንገድ ነው፤ ያለ አስተማሪ፣ እያበላሸሁ።

«አንተ ገጣሚ፣» አሉኝ፣ «ድምፁ ውስጥ ተሰምቶ ውጪ የማይሰማበት መላ የለውም?»

«አለው እትዬ።»

«የቀበሌው ሰው ሲመጣ ደግሞ ውጪ እንዲሰማ?»

«እሱም አለው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ደበቀህ?»

«አልጠየቁኝማ።»

እትዬ ፊልም የሚያሳዩባት ኮምፒውተር ሁለት የድምፅ መውጫ ነበራት። አንደኛው ከጀርባዋ ካለችው አረንጓዴ ቀዳዳ ተነስቶ በአምፕሊፋየሩ በኩል ወደ ውጪው ስፒከር ይሄዳል። ሁለተኛው ምስሉን በሚወስደው ገመድ አብሮ ወደ ቴሌቪዥኑ ይገባል። ከታች፣ ሰዓቱ አጠገብ ያለችውን የስፒከር ምልክት በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነው። በሌላ ከተማ ይህ ሴቲንግ ይባላል፤ እኛ ዘንድ አቋም ነበር። ለእትዬ እንዲህ ስል አስረዳኋቸው፦ «ቴሌቪዥን የሚለውን ሲመርጡ ዝግ ነን። ስፒከር የሚለውን ሲመርጡ ክፍት ነን።»

በአድማው የመጀመሪያ ቀን ጠዋት ቴሌቪዥን የሚለውን መርጬ ለሙከራ ፍላሼን ሰካሁ። ፍላሼ ላይ ሱሉልታ ለምትኖር አንዲት ልጅ የጻፍኩት የፍቅር ግጥም ነበር፤ በስልኬ ቀድቼ፣ እንደ ጊዜው ደንብ ከሥሩ ዋሽንት ጨምሬበታለሁ። ያኔ ዋሽንት የሌለው ግጥም ቅመም እንደሌለው ወጥ ነበር የሚቆጠረው። ድምፄንም፣ ያው እንደ ደንቡ፣ አሳዝኜዋለሁ። ተደብቀው ፊልም ሊያዩ የመጡ ጥቂት ጎልማሶች አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። ውጪ አድማ ስለሆነ ጥለውኝ መሄድ አይችሉም። እንዲህ ያለ አድማጭ ከዚያ በፊት አግኝቼ አላውቅም።

ግጥሙ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ወጣቶቹ ከላይ በኩል ሲመጡ ተሰማ። እትዬ ማንም ሰው የሚያደርገውን አደረጉ፤ ሪሞቱን አንስተው ቴሌቪዥኑን አጠፉ።

ያልነገርኳቸው፣ እኔም የማላውቀው አንድ ነገር ነበር። ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ኮምፒውተሯ አንዱ መውጫ እንደሞተ ቆጥራ ድምፁን በራሷ ሥልጣን ወደ ቀረው ታዞረዋለች። እትዬ ደግሞ ለቀበሌው ሰው ብለው አምፕሊፋየሩን እስከ ጫፍ ከፍተውታል። የፍቅሬ ድምፅ ከነዋሽንቱ መንገዱን ሞላው። ስክሪኑ ጨልሟል፤ ማውሱን ወዴት እንደምነዳው አላይም። አምፕሊፋየሩ ያለው በሩ ሥር ነው፤ በሩ ላይ እነሱ ደርሰዋል።

የመጀመሪያው ወጣት አንገቱን አስገባ። ያየውን አሁን ሳስበው አልፈርድበትም። ደብዘዝ ባለ ክፍል ውስጥ ወንዶች አንገታቸውን ደፍተው በረድፍ ተቀምጠዋል። እትዬ በፍርሃት ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበዋል። ከላይ ዋሽንት ይነፋል፤ አንድ ሰው ተለያየን እያለ ያነባል። ወጣቱ ኮፍያውን አወለቀ።

«ማን ነው ያረፈው?»

«የሩቅ... የሩቅ ዘመድ ነው፣» አሉ እትዬ።

«እግዜር ያጥናዎት እትዬ።»

በእጁ የነበረውን ድንጋይ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ አድርጎ ደጃፉ ላይ አኖረው። ጓደኛው ወደ ስፒከሩ አንጋጦ «የሚያስለቅስ ነው፣ ማነው ያወጣው?» አለ። በሕይወቴ የመጀመሪያው አድናቂዬ እሱ ነው።

ትንሽ ቆይቶ የቀበሌው ሰው በባጃጅ መጣ። በሩ ክፍት ነው፤ ሰው ሞልቷል፤ ዘግታችኋል ማለት አልቻለም። «ፊልም የለም እንዴ?» አለ። «ልቅሶ ላይ ነን፣» አሉ እትዬ፤ አሁን ለምደውታል። ለይሉኝታ ያህል ተቀመጠና ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ። ልቅሶ ቤት የሚያሽግ ወረቀት አልታተመም። ጎረቤት ከሰዓት ንፍሮ ይዞ መጣ። ወጣቶቹ በማግስቱም መጡ። ዳናቸው በተሰማ ቁጥር ወደ ኮምፒውተሯ የገለበጥኩትን ግጥም በውጪው ስፒከር እከፍታለሁ።

በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ኦቦ የምንላቸው ሰው ገቡ። መንገዳችን ላይ የሚኖሩ ትልቁ ሽማግሌ ናቸው፤ እርሻቸው ገፈርሳ በኩል ነው፤ ያ ፕላን የተባለው ነገር መሬታቸውን ይንካ አይንካ እስከዚያ ድረስ የነገራቸው የለም። «አካም ጅርቱ፣» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥተው ተቀመጡና ግጥሙን እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ ወደ እትዬ ዘንበል አሉ።

«ሟቹ ማነው?»

እትዬ እሳቸውን መዋሸት አልሆነላቸውም። «ማንም አይደለም ኦቦ።»

ኦቦ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «ማንም ካልሆነ ሁለት ቀን ይበቃዋል። ሦስት ቀን የሚቀመጡት ለሰው ነው።» ብድግ ብለው ሄዱ።

የቀረችን ሦስተኛዋ ቀን ነበረች። እትዬ ዓይን ዓይኔን አዩ፤ እኔ ሴቲንጉን መክፈት መዝጋት ያዝኩ። ኦቦ የማያምኑት ልቅሶ በመንገዳችን ላይ እንደማይቆም ሁለታችንም እናውቃለን።

በነጋታው ኦቦ ከሁላችንም ቀድመው ደጃፉ ላይ ቆመው አገኘናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበዋል።

«የእህቴ ልጅ ሰበታ አርፏል፣» አሉ። «ማታ ደወሉልኝ። መንገዱ ተዘግቷል፤ ቀብሩ ላይ አልደርስም። እዚህ ልቀመጥ?»

እንዴት እንደሞተ ማንም አልጠየቀም። በዚያ ሰሞን ወጣት ሲሞት አይጠየቅም ነበር። እትዬ የፊተኛውን አግዳሚ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላቸው።

«ያንን ዋሽንት ያለውን ክፈተው፣» አሉኝ ኦቦ።

«ኦቦ፣ እሱ እኮ ስለ አንዲት ልጅ ነው።»

«ሰምቻለሁ። ቀይ ሻርፕ አላት።»

«አዎ።»

«ክፈተው። ዝም ከማለት ይሻላል።»

«ውጪ ይሰማ ወይስ ውስጥ?»

«ውስጥ።»

ቴሌቪዥን የሚለውን መረጥኩ። እትዬ ሳይታዘዙ ሪሞቱን ከመቀነታቸው ሥር ሸጎጡት። የሴቲንጉ መስኮት ስክሪኑ ላይ እንደተከፈተ ቀረ፤ ከድምፄ ጋር ከፍና ዝቅ የምትለዋን አረንጓዴ መስመር ኦቦ ትክ ብለው ያዩዋት ነበር። ውጪ ምንም አይሰማም። ወጣቶቹ ግን ወሬው ደርሷቸው አንድ በአንድ ገብተው ተቀመጡ። የቀበሌው ሰው ባጃጁን አቁሞ በበሩ አየ፤ ኦቦን ሲያይ አልገባም።

መስኮቱ አልተሰበረም፤ በሩም አልታሸገም። አድማው ካለፈ በኋላ እትዬ በመጀመሪያ ያዘዙኝ ግጥሜን ከኮምፒውተሯ እንዳጠፋው ነው።

«ምነው እትዬ፣ ያዳነን እሱ አይደል?»

«ሰዉ በሰማው ቁጥር ኮፍያውን ያወልቃል፣» አሉ። «ኮፍያውን ያወለቀ ሰው ደግሞ ፊልም አይገባም።»