ከኮረብታው ማዶ እማ ነበረች

የቆዳ ሽታ ቢያረጅም አይለቅም። ባለፈው ሳምንት ልጄ በሰላም ተገላግላ፣ ሕፃኑን የማዝልበት ብዬ ሳጥን ስበረብር ያ አሮጌ አንቀልባ እጄ ላይ ወጣ። ቅቤው፣ ጭሱ፣ የላቡ ጠረን አንድ ላይ አፍንጫዬን መታኝ። ዛጎሎቹ ግማሾቹ ረግፈዋል፤ ጠፍሩ ግን እንዳለ ነው። እዚያው ቁጭ አልኩ። ትርንጎ ራሷ በሩ ላይ የቆመች መሰለኝ።

ትርንጎ ቤታችን የመጣችው እናታችን በወሊድ ስትሞት ነው። ቀጠን ያለች ልጅ እግር፣ አማርኛዋ ከኽምጣኛ ጋር የሚጋጭባት፣ አባቴ ከአበርገሌ በኩል በሠራተኝነት ያመጣት። ወንድሜ ካሱ ገና ጨቅላ ነበር። ይቺን አንቀልባ ቆዳውን ራሷ አልፍታ ሠራችለት። አዝላው ትፈጫለች፣ አዝላው ውሃ ትቀዳለች፣ አዝላው የወንዙ ዳር ማሳ ላይ እርከን ትክባለች። ጎርፍ የወሰደውን አፈር ከሥር በእንቅብ እየተሸከመች ወደ ላይ ትመልስ ነበር። ሲያለቅስባት በኽምጣኛ ታንጎራጉርለታለች። ዓመት ሳይሞላ ከአባቴ ጋር አንድ መደብ ላይ ማደር ጀመረች። ሰርግ የለ፣ ፊርማ የለ፣ እንዲያው ሚስት ሆና ቀረች።

አክስቴ፣ የአባቴ እኅት፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ምላሷ እሬት ነበር። "እናታችሁ አንድ ናት፤ እሷም አፈር ገብታለች። ይቺን ትርንጎ በሏት" አለችኝ። እኔም አልኳት። እትዬ እንኳ ሳልጨምር፣ እንደ ገረድ በስሟ ብቻ። ካሱም አፉን ሲፈታ እንደዚያ እንዲጠራት ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

የገበያ ለት ግን ሌላ ነበር። ሰቆጣ ስትሄድ እኔን ይዛኝ ትሄዳለች። ከመንደራችን በላይ ያለውን ኮረብታ አልፈን ቤቶቹ ከዓይን ሲሰወሩ፣ እጇን እይዝና "እማ" እላታለሁ። ማንም አላስተማረኝም። "እማ ደከመኝ፣ እማ ቆሎ ግዢልኝ" ስላት እውላለሁ። እሷም "ወዬ" ከማለት ሌላ አትጨምርም። ጨው ሻጮቹ "ልጅሽ ናት?" ሲሏት ነጠላዋን ታስተካክልና "አዎ፣ የኔ ናት" ትላለች። ስንመለስ እዚያው ኮረብታ ላይ እጇን እለቃለሁ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ትርንጎ ናት። አንድም ቀን ምነው ብላኝ አታውቅም።

አባቴ ሲሞት እኔ ሰቆጣ ትዳር ይዤ ነበር። መሬቱ ይከፈል ተባለ። ካሱ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ "ሚስት ነኝ ብላ ግማሹን ልትወስድ ነው። ሠራተኛ ናት ካልን ግን ለሁለታችን ነው። የወንዙ ዳር ላንቺ ይሁን" አለኝ። እኔ ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺታ አድርጎት ሄደ፤ እሺታም ነበር።

ነገሩ ወረዳ ሳይደርስ በሽማግሌ ይለቅ ተብሎ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወይራው ሥር ተቀመጥን። አንደኛው ሽማግሌ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ወደኔ ዞሩ።

"አንቺ ታላቋ ነሽ። እግዜር ያያል፣ እውነቱን ተናገሪ። ቤት ውስጥ ምን ብላችሁ ነበር የምትጠሯት?"

ቀና ብዬ አየኋት። ምንም አልፈራችም። እንደምናገርላት እርግጠኛ ነበረች፤ የገበያ መንገድ ላይ የማውቃት ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ነበረች።

"ትርንጎ" አልኩ።

ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው! አፈር በበላሁ! ውሸትማ አይደለም፣ ቤት ውስጥ እንደዚያ ነበር የምንጠራት። እውነት ተናግሬ ያሳደገችኝን ሰው ከቤቷ ማስወጣቴ ነው እስከ ዛሬ አንገቴን የሚያስደፋኝ። "ኮረብታው ማዶስ?" ብትለኝ መግቢያ አልነበረኝም። አላለችኝም። "ልጆቹ ካሉ እንግዲህ ምን እላለሁ" ብላ ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች። ለድካሟ አንዲት ፍየልና ጥቂት ማሽላ ተፈረደላት። ፍየሏን እየጎተተች ወደ ኒሯቅ፣ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች። አንቀልባውን ከተሰቀለበት አላወረደችውም፤ ኋላ እኔ ወስጄ ሳጥኔ ውስጥ ከተትኩት።

የወንዙ ዳር ለኔ ደረሰኝ። እርከኗ ዛሬም አንድ ድንጋይ አልወለቀውም፣ ጤፉም ያምራል። ስበላው ግን ደስ አይለኝም። ማረፏን የነገሩኝ ከኒሯቅ የመጡ ገበያተኞች ናቸው። ለቅሶ ልደርስ ነጠላዬን አዘቅዝቄ መኪና መነሻው ድረስ ሄድኩና ተመለስኩ። ምኗ ነሽ ቢሉኝ ምን ልል ነው?

አንቀልባውን ታቅፌ እንደተቀመጥኩ ልጄ ከአልጋዋ ቀና አለች።

"እማ፣ ይሄ የዚያች የሠራተኛችሁ አይደል? አጎቴ ካሱ የሚያወራት?"

"አይደለም" አልኳት። "የእናቴ ነው።"

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ሕፃኑ ነቃ። አዘልኩት።