ቆመው የለመኑ ሽማግሌዎች

ቃልቤሳ የካውንቲው፣ ማለትም የወረዳችን አስተዳደር፣ በረዶ ጠራጊ መኪና ሹፌር፣ በዚያ ላይ ናሽናል ጋርድ የሚሉት ተጠባባቂ ጦር ወታደር ነው። በ2018 ለዘመቻ ሲጠራ፣ ከሥራው ፈቃድ በሚወጣባቸው ወራት ካውንቲው የሚከፍለው የነፍሰ ጡር ሚስቱ የዱረቲ የጤና ኢንሹራንስ እንዳይቆረጥ ሦስት ሽማግሌዎቻችን ሄደው የካውንቲውን ቦርድ ለመኑ። እንደ ወጋችን እሺ ካልተባሉ አይቀመጡምና ቆመው ቀሩ። ወንበር አሙቂዎቹ ሹማምንት ግን ለወታደሩ ክብር የተቆመ መስሏቸው ተነሥተው አጨበጨቡ። ማጨብጨቡ ሲደክማቸው ጉዳዩን ለሴፕቴምበር አስተላልፈው ምሳቸውን ሊበሉ ወጡ። ዱረቲ የምትወልደው ጁላይ ላይ ነው።

«እስከዚያ ልጁን ያዝ አድርጊው ነው የሚሉኝ?» አለችኝ።

«ተያቸው እባክሽ፣» አለ ቃልቤሳ ሻንጣውን እየዘጋ፣ «እጃቸው ከጭብጨባ ሌላ ሥራ አያውቅም።»

እሱ ሜይ ላይ ዘመተ። ኢንሹራንሱ ተቆረጠና ዱረቲ የለመደችውን ሐኪም ትታ ፊሊፕስ በሚባለው የድሆች ሰፈር አንድ ነጻ ክሊኒክ በር ላይ ተራ ትጠብቅ ጀመር።