ከጋኖቹ ጀርባ

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ልጅ ሶስና የምትማርበት መዋዕለ ሕፃናት ወላጆችን ጠራ። እናትና አባቷ ሥራ አልመች ብሏቸው እኔን ላኩኝ። እንግዲህ ዘጠናን የተሻገረች ሴት አዲሱ ገበያ ላይ ታክሲ ስትጋፋ ይታያችሁ! ብቻ ደረስኩ። አስተማሪዋ ገና ለጋ ልጅ ናት፤ እጄን ይዛ ክፍሉን ስታሳየኝ አንዱ ጥግ ጋ ቆም አለች። ትንሽ ምድጃ፣ ትንሽ አልጋ፣ የፕላስቲክ ድስትና ሲኒ ተደርድሯል።

«እዚህ ልጆቹ ቤታቸውን እያስመሰሉ ይጫወታሉ፣ እማማ። ዝምተኞቹ እንኳ አፋቸውን የሚፈቱት እዚህ ነው» አለችኝ።

እኛ ዕቃ ዕቃ የምንለው ነው። ጎሽ ልጄ ማለት ነበረብኝ። ከልጆቹ ወንበር አንዱ ላይ ዘጭ አልኩ።

እኔም እንዲህ ያለ ጥግ ሠርቼ አውቃለሁ። በጣሊያን ዘመን ነው፤ ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ቀጨኔ ውስጥ ፊደል የሚያስቆጥሩ የኔታ ነበሩ። ወንዶቹ ያለቁበት ወይም የጠፉበት ጊዜ ስለሆነ እናቶች እንጨት ለቀማውና ጉልት ላይ ሲውሉ፣ ትልልቆቹ ልጆች ታናናሾቻቸውን አዝለው ነበር ለትምህርት የሚመጡት። ታናናሾቹ ታዲያ አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ይቀበለዋል። አባቴ አንድ ቀን መረራቸውና «አንቺ ልጅ፣ እነዚህን ጫጩቶች ወዲያ ያዥልኝ!» አሉኝ።

ጭራሮ አጥሬ፣ ጆንያ አንጥፌ፣ ከሳር ቤታችን አንዱን ጥግ ለእነሱ ለየሁ። የቀረኝ ዕቃ ነበር። ለዚያ እትዬ ብርቄ ዘንድ ሄድኩ።

እትዬ ብርቄ ሸክላ ሠሪ ናት። ሰፈርተኛው በእሷ ድስት እየቀቀለ፣ በእሷ እንስራ እየጠጣ፣ ልጁን ግን ቤቷ አያስደርስም ነበር። የሸክላ ሠሪ ዓይን ይበላል እየተባለ! እግዜር ይቅር ይበለን። ባሏ ማይጨው ቀርቷል ተብሎ ጥቁር ለብሳለች። የምፈልገውን ስነግራት እጇ ላይ ያለውን ጭቃ ሳትጠርግ ሳቀች።

«ለልጆች ከሆነማ እሠራልሻለሁ። በምትኩ የኔዋን ከልጆች ጋር አጫውቺልኝ። ብቻዋን ነው የምታድገው» አለችኝ።

የጣት ቁመት የሚያክሉ እንስራዎች፣ ድስቶች፣ ጀበናዎች፣ ከዚያም ስድስት ትንንሽ ጋኖች ሠራችልኝ። ልጅቷንም አመጣቻት። ጥሩወርቅ ትባላለች፤ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ዓይኗ ትልልቅ፣ አፏ ግን የተሰፋ። አንዳንድ እናቶች አጉረመረሙ፤ አባቴ ተቆጥተው ዝም አሰኟቸው።

የእኔ ነገር ደግሞ ያኔም ግትር ነኝ። ጨዋታው እውነት ካልመሰለ አልወድም። «ቤታችሁን እንዳለ ሥሩት!» እያልኩ፣ ምድጃውን ያለቦታው ያስቀመጠውን አስነስቼ አስተካክላለሁ። ጥሩወርቅ ለሳምንታት ዝም ብላ አየችን። ክረምቱ ገብቶ፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚት እየዋጠ፣ ቆሎ እየቆረጠምን አንድ ቀን ብድግ አለችና ስድስቱን ጋኖች በግድግዳው ጥግ ደረደረቻቸው። በክረምት ሸክላ ስለማይደርቅ የእናቷ ቤት እንደዚያው በጋን የተሞላ ነበር። ከዚያ ከቆሎዋ ጥቂት ፍሬ ቆንጥራ ከጋኖቹ ጀርባ አስቀመጠች። በየቀኑ እንዲሁ ታደርጋለች። ለማን እንደሆነ ብጠይቃት አትናገርም። እኔ ምስኪን፣ ለሞተው አባቷ ነው ብዬ አንጀቴ ይንሰፈሰፋል።

የጣሊያኖች አስተርጓሚ አልፎ አልፎ ተማሪ ቤቱን ሊያይ ይመጣ ነበር። ንጹሕ የለበሰ፣ አፉ ማር የሆነ ሰው። ለልጆቹ ከረሜላ ያድላል። አንድ ቀን ጥጌን አይቶ ሲያደንቅልኝ ደስታዬ ጣራ ነካ። ማን አድንቆኝ ያውቃል? ጥሩወርቅ ቆሎዋን ስታስቀምጥ አያትና ጎንበስ ብሎ «ለማን ነው?» አላት። ቀሚሴ ውስጥ ተሸሸገች።

እኔ ነኝ የገፋኋት። ይህችን ነው ከሰባ ዓመት በላይ የተሸከምኳት። «ንገሪያቸው እንጂ፣ ምን ያስፈራል? ጎበዝ አይደለሽ!» አልኳት።

«ለአባዬ» አለች። ድምጿን ገና የዚያን ቀን መስማቴ ነው።

«አባትሽ የት ነው?»

«ከጋኖቹ ጀርባ። ሰው ሲመጣ አያስልም።»

ሳቅኩ። አዎ፣ ሳቅኩ! «ልጅ አይደለች፣ አባቷ እኮ ማይጨው ሞቷል» አልኩት። እሱም ሳቀ፤ ሁለተኛ ከረሜላ ሰጣት። «የማን ልጅ ናት?» ሲለኝ «የእትዬ ብርቄ፣ የሸክላ ሠሪዋ» ብዬ ቤቱን በጣቴ አሳየሁት።

እሱ እንደወጣ አባቴ ፊታቸው አመድ መስሎ «ምን አልሽው አንቺ? ሩጪ! ሩጪ!» አሉኝ። ያኔ ገባኝ። ዳገቱን በጭቃው እየወደቅሁ ወጣሁ። ወታደሮቹ ግን ለእሷ ቤት በሚቀርበው ድልድይ አጠገብ ነበር የሚያድሩት፤ ቀደሙኝ። ጋኖቹን በሰደፍ አንድ በአንድ ሲሰብሩ ድምፁን ከአጥሩ ውጪ ሰማሁ። ከዚያ ጢሙ የጎፈረ፣ የቆሰለ እግሩን የሚጎትት ሰው አወጡ። ለካስ የእትዬ ብርቄ ባል ከአርበኞቹ ጋር ቆስሎ፣ እግሩ እስኪድን ነበር የተሸሸገው። ወስደው ገደሉት፤ ሬሳውንም አልሰጧትም።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ብርቄ ልጇን ይዛ፣ ጓዟን አዝላ መጣች። እንድትረግመኝ ፈልጌ ነበር። እግሯ ላይ ወደቅሁ፤ አነሳችኝ።

«ይህች ልጅ ሌሊትና ቀን ‹አባዬን ከጋኑ ጀርባ ያወጡት ጨዋታ ነው ወይ?› ትለኛለች። እኔ አልቻልኩም። ጨዋታውን ያስተማርሻት አንቺ ነሽ፤ አንቺ ንገሪያት» አለችኝ።

ጥሩወርቅ በእነዚያ ዓይኖቿ አየችኝ። ያቺ ያልበላቻት ሁለተኛ ከረሜላ እጇ ላይ ቀልጣ ተጣብቃለች። ለማን እንዳስቀመጠቻት መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«አዎ የኔ እናት፣ ጨዋታ ነው» አልኳት።

«መቼ ነው የሚያልቀው?»

እናቷ እጇን ይዛ ቁልቁለቱን ወረደች፤ ዳግም አላየኋቸውም። ያንን ጥግ በማግስቱ አፈረስኩት። ከዚያ ወዲህ ለልጆቼም ለልጅ ልጆቼም ዕቃ ዕቃ አጫውቼ አላውቅም። ክፉ እናት ነበረችን ይሉኛል።

እና ባለፈው ሰሞን፣ ያቺ ለጋ አስተማሪ እጇን አጨበጨበችና «በሉ ልጆች፣ ጨዋታው አልቋል፤ ዕቃችሁን ሰብስቡ!» አለች። ልጆቹ እየተንጫጩ ሰበሰቡ። ሶስና ሮጣ መጥታ «አያቴ፣ ለምን ታለቅሻለሽ?» አለችኝ። አስተማሪዋም ደንግጣ ውሃ አመጣችልኝ።

ውሃውን ተቀበልኳት። ጥሩወርቅ በሕይወት ካለች ዛሬ እሷም አሮጊት ናት፤ ነገሩም ከገባት ቆይቷል። እኔ ግን ጨዋታው ማለቁን አልነገርኳትም።