ቀኝ እጅ ላይ አይሠራም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌም፣ ለእናቴም። በጸሎት ቡድናችን ሁሉም ኃጢአቱን ሲናዘዝ እኔ ስለ ቁጣዬና ስለ ሐሜቴ አወራና ይህኛውን ውጬው እመለሳለሁ። አሁን ግን ሊያስመልሰኝ ደርሷል። እባካችሁ አትዘኑልኝ።

ቡታጅራ ውስጥ የስፖርት መምህር ነኝ። ማለዳ ማለዳ፣ ክፍል ሳልገባ በፊት፣ ሐኪም "ተንቀሳቀሱ" ያላቸውን የሰፈር እናቶች ሰብስቤ ከሰፈራችን በላይ ያለውን ዳገት እያስወጣሁ አሠራ ነበር። ወንድሜ ከአዲስ አበባ የልብ ምት የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ገዛልኝ። ምን ልበላችሁ፣ በዚያ ሰዓት አበድኩ! ደከመኝ ያለችኝ እናት እጅ ላይ አስርና ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነባለሁ። ከፍ ካለ አሳርፋታለሁ፤ ዝቅ ካለ መቀለጃ አደርጋታለሁ። ሐኪም የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚቀሩት እትዬ አስካለ ነበሩ። ባላቸው በመንግሥት ሥራ ሲዛወሩ ከጎንደር አብረው መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ደም ግፊት ያለባቸው ሴት ናቸው። የግራ እጃቸው አንጓ ዙሪያውን በንቅሳት የጠቆረ ነው። ቀኙ ባዶ ነው። በልጅነታቸው ግራውን ሲነቀሱ አሟቸው፣ ቀኙ ሳይጀመር እሪ ብለው እንዳመለጡ እየሳቁ ያወሩን ነበር።

"ልጄ፣ ልቤ ሊወጣ ነው" ይሉኛል። ሰዓቱን ግራ እጃቸው ላይ አስራለሁ፤ ዝቅተኛ ቁጥር። "እትዬ፣ ልብዎ ተኝቷል እኮ! ስንፍና ነው!" እላለሁ። ሴቶቹ ይስቃሉ። እሳቸውም አፍረው አብረው ይስቁና ይነሳሉ። ስንት ማለዳ እንዲህ አደረግኋቸው!

አንድ ቀን የግራ እጃቸውን ጀርባ ዘይት አቃጥሏቸው መጡ። ዳገቱ መሀል ላይ ደከመኝ ሲሉ ሰዓቱን ቀኙ ላይ አሰርኩት። ቁጥሩ ከመቶ ሰባ አለፈ። ፊታቸውን ያኔ ገና አየሁት፤ ከንፈራቸው አመድ መስሏል፣ ላባቸው ባገጫቸው ይንጠባጠባል። ሰዓቱ ደሙን የሚያየው ከሥሩ በሚበራው መብራት ነው፤ ለካ ያን ሁሉ ቀን ንቅሳቱ ጋርዶታል። ገባኝ እኮ! እዚያው ቆሜ፣ ወዲያው ገባኝ።

"ምነው ልጄ፣ ምን አለ?" አሉኝ። ሴቶቹም አንገታቸውን አሰገጉ።

"ተሳስቻለሁ፣ ይቀመጡ" ብል ምን እሆን ነበር? ምን ይቀርብኝ ነበር? በእሳቸው ሲስቁ የከረሙት ሴቶች አሁን በእኔ ሊስቁ ነው ብዬ ፈራሁ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። "ቀኝ እጅ ላይ አይሠራም" አልኩ። ምላሴን ያኔ በቆረጠው! ሰዓቱን ፈትቼ፣ ቁስላቸውን እንዳልነካ እየተጠነቀቅሁ፣ አዎ፣ ለቁስላቸው ተጠንቅቄያለሁ፣ መልሼ ንቅሳቱ ላይ አሰርኩት። ቁጥሩ ወረደ። "ይኸው፣ ደህና ነዎት። ዳገቱን ይጨርሱ" አልኳቸው።

ጨረሱት። ጫፉ ላይ እንደደረሱ ተዝለፍልፈው ወደቁ። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናቸው። ተረፉ፤ ልባቸው ግን ተጎድቷል ተባለ። በየማለዳው በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ይሳለሙ የነበሩ ሴት ዛሬ ከደጃፋቸው አያልፉም፤ ደወሉን አልጋቸው ላይ ሆነው ነው የሚሰሙት። ቤታቸው ከቤቴ ሩቅ አይደለም። እኔ ግን እሱን መንገድ ትቼ ይህን ለእናንተ እጽፋለሁ። ፈሪ! ራሴን እጸየፈዋለሁ።

ይህም ሁሉ ሆኖ የሚያቅለሸልሸኝ ሌላው ነው። ሆስፒታል ልጠይቃቸው ሄድኩ፤ ብርቱካን ይዤ! አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ በተነቀሰው እጃቸው እጄን ያዙና "ልጄ፣ በሰው ፊት አሳፈርኩሽ አይደል? ሰዓቱ ደህና ነሽ እያለኝ እኔ በስንፍናዬ ወደቅኩብሽ። ይቅር በይኝ" አሉኝ።

እውነቱን ያኔ መናገር እችል ነበር። እኔ ግን፣ ያቺ እኔ፣ ምን ያልኩ ይመስላችኋል? እጃቸውን እየደባበስኩ "ግድ የለም እትዬ፣ ይቅር ብዬዎታለሁ" አልኳቸው።

እናንተ ይህን ቃል ለእኔ እንዳትሉ።