ከሕይወት ታሪኩ የወጣችው ልጅ

ከፎቶ ኮፒ ማሽን የወጣ ትኩስ ወረቀት ሲሸተኝ ዛሬም አንድ ቀብር ትዝ ይለኛል። ለድርጅቶች ማስታወቂያና በራሪ ወረቀት እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝና በየቀኑ ይሸተኛል።

ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ቡሬ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ቤት እሠራ ነበር። ዋናው እንጀራችን የሟች የሕይወት ታሪክ ነበር፤ ቀብር ላይ የሚነበበውን ማለቴ ነው። አብዛኛው ሰው ሬሳውን ቤት አጋድሞ እየሮጠ ይመጣል። አንድ ጡረተኛ ግን በሕይወት ሳሉ ሊያጽፉ ፈልገው አልጋቸው ድረስ አስጠሩኝ። ክፍሉ መድኃኒትና እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸት ነበር። ደግፋ ያስቀመጠቻቸው ሴት ከቤት ሠራተኛቸው የወለዷት ልጃቸው ነበረች። ሌሎቹ ሦስት ልጆች ፍኖተ ሰላም ነበሩ፤ ለመጠየቅ እንኳ ብቅ አይሉም።

«ልጆቼ አራት ናቸው በል» አሉኝ ሽማግሌው። «እሷን አስቀድማት፤ ታላቋ እሷ ናት። ሰው በተሰበሰበበት ይነበብ። እኔ አፍሬ ሳልናገር ኖሬያለሁ።»

ልጅቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እንዳሉኝ ጻፍኩ። ሲሞቱ ግን ከሦስቱ አንዱ፣ ባለሆቴሉ ልጃቸው፣ ጽሑፉን ከአሠሪዬ ወስዶ የፈለገውን አስቀይሮ ኖሯል። እኔ ያወቅሁት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ነው። አንባቢው በድምፅ ማጉያ «የሦስት ልጆች አባት ነበሩ» አለ። እሷ ሬሳው አጠገብ ቆማ ስሟን ትጠብቅ ነበር። መጨረሻ ላይ፣ «በሕመማቸው ወቅት ላገለገለቻቸው የቤት ሠራተኛ ቤተሰቡ ምስጋና ያቀርባል» ተባለ። ለቅሶዋ ቀጥ አለ። አንዲት ዘመድ ክንዷን ይዛ ወደ ኋላ ገፋ አደረገቻት። ያንን ጨካኝ ባለሆቴል እዚያው ባንቀው ደስ ባለኝ።

ከቀብር መልስ ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ባለሆቴሉ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«ሰዉን አስለቀስኸው እኮ! ለሆቴሌም ትጽፍልኛለህ» አለኝ።

ዛሬ ሰው የሚያደንቅልኝ ሥራ የተጀመረው እንዲህ ነው።

እሷ የእጅ ውሃ እያዞረች ደረሰችብን። እጄ ላይ ስታፈስ ጎንበስ ብላ፣ «አባየ ያሉህን ጽፈኸው ነበር?» አለችኝ።

«ጽፌዋለሁ እታለም። ከሁሉም አስቀድሜ።»

«እሱ ይበቃኛል» አለች። ወዲያው ወንድሟ እጁን ዘረጋ።

«ነይ እንጅ አንች፣ ውሃውን አምጭ!»

አስታጠበችው። ሲጨርስም ፎጣውን አቀበለችው።