የደርቤ በቅሎና የካይሮው ክለብ

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደርቤ ካይሮን በካርታ እንኳ አይቶ አያውቅም። ጎንደር ራሱ የሄደው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ ለጥምቀት፣ አንዴ ጥርሱን ሊያስነቅል። ይሁን እንጂ ደባርቅ ገበያ መሃል ቆሞ «ግብጹ የታለ?» ብሎ ለጠየቀ ሰው፣ ሁሉም የሚጠቁመው ወደ እሱ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደርቤ ሥራው በቅሎ ጫኝነት ነው። የስሜንን ተራራ ሊያይ የመጣ ቱሪስት ድንኳኑንና ስንቁን የሚያወጣው እንደ እሱ ባለ ሰው በቅሎ ነው። በ1997 አንድ ግብጻዊ ቱሪስት ግጭ ካምፕ ላይ ከፍታው አዙሮ ቢጥለው፣ ደርቤ ጭነቱን አራግፎ ሰውዬውን ዳማ በቅሎው ላይ አስቀመጠና ደግፎ እስከ ሳንቃ በር ካምፕ አወረደው። ግብጻዊው ሲሰናበት ከሻንጣው ደረቱ ላይ ንስር ያለበት ቀይ ማሊያ አውጥቶ አለበሰው። «አል አህሊ ይባላል፤ ካፍሪካ አንደኛ ክለብ ነው ይልሃል» ብሎ አስጎብኚው ተረጎመለት። በቃ! እስከዚያ ቀን ኳስ ክብ መሆኑን እንጂ ሌላ የማያውቅ ሰው፣ የአል አህሊ ደጋፊ ሆኖ አረፈው።

«ዓባያችንን ለሚጠጡ ሰዎች ትጮሃለህ?» ይሉታል።

«ታዲያስ! ጳጳሳችን ስንት ዘመን ከዚያ ሲመጣ ኖሮ የለም እንዴ? ጳጳስ ከመጣበት አገር ኳስ ቢመጣ ምን ነውር አለው?» ይላል። ይስቃሉ። እሱም ይስቃል።

ክለቡም መቼ አሳፈረውና! ሁለት ዓመት አከታትሎ የአፍሪካ ሻምፒዮኖችን ዋንጫ በላ። ደርቤን ያጠፋውም ይኸው ነው። ያልለፋበት ድል የሰውን ምላስ ያረዝማል።

በሚሌኒየሙ ዓመት፣ ጥቅምት ማለቂያ ላይ፣ አል አህሊ በተከታታይ ለሦስተኛ ጊዜ ፍጻሜ ደረሰ። ከቱኒዚያው ኤቷል ጋር እዚያው ቱኒዚያ ባዶ ለባዶ ወጥቶ፣ መልሱ ካይሮ ላይ ነበር። ደርቤ ማሊያውን ለብሶ፣ በቅሎዋን ደጅ አስሮ፣ ዲሽ ወዳለው የጋሽ ሀብተ ሚካኤል ግሮሰሪ ገባ። ጋሽ ሀብተ ሚካኤል በንጉሡ ጊዜ አጥቢያ ዳኛ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ያርጋልም ነበር፤ እሱም በቅሎ ጫኝ ነው፣ በጫኞች የተራ መዝገብ ላይ ሁልጊዜ ከደርቤ ኋላ የሚጠራ።

«ዛሬ ግብጽህ ይገረፋል» አለው ያርጋል።

«በገዛ ሜዳው? በቅሎ እሰጥ!» አለ ደርቤ።

ይኸ የአባቶች የሙግት ወግ ነው። ድሮ ተሟጋች ችሎት ላይ ቆሞ «እንዲህ ካልሆነ በቅሎ እሰጥ» ይላል፣ ባላጋራውም ይገባለታል፣ የተረታው ይከፍላል። ዛሬማ ለአፍ ማሟሻ ነው፤ በቅሎ የሌለው ሁሉ በቀን አሥር በቅሎ ይሰጣል። የደርቤ ጥፋት በቅሎ ያለው መሆኑ ነው።

«እኔም በቅሎ እሰጥ!» አለ ያርጋል ብድግ ብሎ። «ጋሽ ሀብተ ሚካኤል ዳኛ ይሁኑን!»

«ሰምቻለሁ» አሉ ጋሽ ሀብተ ሚካኤል፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ሦስት ለአንድ። በገዛ ሜዳው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ አል አህሊ ሦስት ለአንድ ተረታ።

«ቀልድ እኮ ነው» አለ ደርቤ ወደ ሽማግሌው እያየ።

«ዳኛ አድርጋችሁኝ ስታበቁ ምን ቀልድ አለ?» አሉ። ያርጋል እየተፍለቀለቀ በቅሎዋን ሊፈታ ሲወጣ ግን ጠሩት። «አንተ ደግሞ ወዴት ነህ? የእሰጥ አገባ መቀጫ የሚገባው ለዳኛ ነው። ወጉን ሳታውቅ ነው እንዴ የገባኸው?»

በቅሎዋ ከጋሽ ሀብተ ሚካኤል ጓሮ ገባች።

በማግስቱ የደርቤ ሚስት ታንጉት ነጠላዋን አደግድጋ ሄደች። «ጋሼ፣ በቅሎዋ የሱ አይደለችም። አባቴ ሲድሩኝ የሰጡኝን ጊደር ሸጬ የገዛኋት ናት።»

«ውይ ልጄ፣ ምነው ትናንት በተናገርሽ!»

«ትናንትማ ቤቴ ነበርሁ።»

«እሱ ነዋ» አሉ፤ ቀጥለውም «ቁርስ ቅመሺ» አሏት።

ሳትቀምስ ተመለሰች። ደርቤ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። «ጠጪ ነው ቢሉኝ፣ ውሽማ አለው ቢሉኝ በገባኝ! ላላየኸው አገር ኳስ የኔን በቅሎ?» አለችው። ሰኞ ገበያ በኩሊነት ሊሸከም ሲወጣ ቀዩን ማሊያ አራት አጥፋ ትከሻው ላይ ጣለችለት። «እንካ፣ ጆንያው እንዳይልጥህ። ይኸን እንኳ ይጥቀምህ።» በፍቅር አልነበረም።

በዓመቱ ኅዳር ላይ አል አህሊ ዋንጫውን መልሶ በላ። ደርቤ ይኸን የሰማው ገበያ መሃል፣ ጆንያ ገብስ ተሸክሞ ጎብጦ ሲሄድ ነው።

«ግብጹ! ዋንጫ በላችሁ አሉ፤ እንኳን ደስ አላችሁ!» ጎረምሶቹ አጨበጨቡ።

ወዲያው ከኋላው የቱሪስት ጭነት መጣ። የጫነችው ዳማዋ ናት፤ የሚነዳት በጋሽ ሀብተ ሚካኤል የተቀጠረው ያርጋል። በቅሎዋ ደርቤ ዘንድ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ያርጋል ቢጎትት፣ ቢሳደብ፣ ንቅንቅ አልል አለች። ቱሪስቶቹ ካሜራ አወጡ።

«አንተ ንገራት እንጂ! መንገድ ዘጋችብን!» አለ ያርጋል።

ደርቤ ጆንያውን አወረደ። ዳማዋ አፍንጫዋን አምጥታ ትከሻው ላይ፣ ማሊያው ላይ አስደገፈች።

«ሂጂ» አላት በቀስታ። አልሄደችም። «ሂጂ እንጂ፣ እናቴ።»

አሥር ዓመት ሲጭናት አለንጋ አሳርፎባት አያውቅም። የያርጋልን ዱላ ተቀበለና ታፋዋን መታት። ዞራ አየችው። ደግሞ መታት። በሦስተኛው ጆሮዋን ጥላ መንገዷን ቀጠለች፤ ገበያተኛው ሳቀ።

«ቶሎ በል እንጂ!» አለ የገብሱ ባለቤት። «ከበቅሎ ጋር ስትላፋ ልትውል ነው?»

ደርቤ ማሊያውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ፣ እንዲጭኑት ጎንበስ አለ።