ስዕል የተለጠፈበት ሲዲ

መካነ ኢየሱስ ውስጥ ቴፕና ሲዲ ማጫወቻ የምትጠግን ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ። እናቴ ይህን ለሰው ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር። "ብሎን ስትፈታ ትውላለች" ትልና ወሬውን ቶሎ ብላ ዓረብ አገር ወዳለችው ታላቅ እህቴ ታዞረዋለች። እህቴ የላከችው ብርድ ልብስ፣ እህቴ የላከችው ፎቶ፣ የእህቴ ጤና። እኔ ጠዋት ማታ ከአጠገቧ ስለማልጠፋ የሚወራልኝ ነገር አልነበረኝም። ያናድደኝ ነበር፤ አልዋሽም።

አንድ ዓመት የእህቴ ድምፅ ጠፋ። ስልኳ አይጠራም፣ መልእክት የለም። አጨዳ በተጀመረበት ሰሞን ደግሞ ከዚያው ከዓረብ አገር የተመለሰች የስማዳ ልጅ፣ እህቴ በዐቢይ ጾም ታማ ሞታለች ሲሉ መስማቷን ለዘመዶቿ ተናገረች። ወሬው አጎቴ ዘንድ ደረሰ። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ በቤተሰባችን ሠርግም ለቅሶም ያለ እሳቸው አይጀመርም። ዘመድ ሰብስበው መከሩና፣ እናቴ ገበያ ላይ ከሰው አፍ ከምትሰማው እሑድ ጠዋት እኛው መርዶውን እንንገራት ብለው ቆረጡ። ለእኔም ነገሩኝ። ከዚያ ወዲያ ከእናቴ ጋር ከአንድ ገበታ እየበላሁ ፊቴን ስደብቅ ሰነበትሁ።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አንድ የጨርቅ ነጋዴ በሻሽ የተጠቀለለ ነገር ሱቄ አመጣልኝ። ደብረ ታቦር መናኸሪያ ከሰው የተቀበለው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ከሌላ ሰው ተቀብሎታል። ስፈታው ሲዲ ነው። የእናቴ ስም በእህቴ እጅ ተጽፎበታል። በአንዱ ጎኑ፣ መንገድ ላይ እንድትጠብቀው ብላ መሆን አለበት፣ የእመቤታችንን ትንሽ ስዕል ለጥፋበታለች። መቼ እንደተቀረጸ ነጋዴው አያውቅም። ላየው ብል መብራት የለም።

መብራት የመጣው እሑድ ሲነጋ ነው። እናቴ ቅዳሴ ሄዳለች። ግቢያችን ውስጥ ወንዶቹ ከወዲሁ ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አጎቴን በሩ ላይ ያዝኋቸው።

"ጋሼ፣ ይህን ሳላይ እንዳይነግሯት።"

"ልጄ፣ ሲዲው ምን ይፈይዳል? ቀድሞ የተቀረጸ ቢሆንስ?"

"ካየሁት አውቃለሁ። ከፋሲካ በኋላ ቀሚስ ልኬላታለሁ። እሱን ለብሳ ከሆነ በጾሙ ሞተች ያሉት ውሸት ነው።"

"ባትለብሰውስ?"

"ያን ጊዜ ያሻዎትን ይንገሯት።"

ቃሌ ሻካራ ነበር፤ አጎቴ ግን አልተቆጡም። "ቅዳሴ እስኪወጣ እታገሥሻለሁ" አሉ። "ሰዉ መጥቷል፣ ልበትነው አልችል። እሷም ይህን ሁሉ ሰው አይታ ምንም የለም ብላት አታምነኝም።" እውነታቸውን ነበር።

ሱቄ ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ከዚያ ጥርት ብሎ ይሰማል። ገና ሐዋርያው ይነበባል። ሲዲውን ማጫወቻው ውስጥ አስገባሁት። ሊነሣ ቃጣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ። በማጫወቻው ትንሽ መስኮት ላይ "ኖ ዲስክ"፣ ሲዲ የለም፣ የሚለው ጽሑፍ መጣ። ደጋግሜ ሞከርሁት፤ ያው ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ባለቤቱን ነገ ተመለስ ብዬ እሸኘው ነበር።

ክዳኑን ፈታሁት። ዓይኑን፣ ማለት ሲዲውን የሚያነበውን ትንሹን መስታወት፣ በጥጥና በአልኮል ጠረግሁ። ሞተሩን በጣቴ አዞርሁት፤ ልስልስ ብሎ ይዞራል። እንደገና አስገባሁት። ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝ ነገር ትዝ ያለኝ፤ መዝሙር ያለበትን ሌላ ሲዲ ከመደርደሪያ አውርጄ አስገባሁ። ወዲያው ተነሥቶ ዘመረ። ማጫወቻዬ ደኅና ነው፤ የታመመው የእህቴ ሲዲ ነው።

በማጉያው ወንጌል ሲነበብ ሰማሁ። እርሳስ አንሥቼ በሲዲው ቀዳዳ አስገባሁና አንጠልጥዬ አሽከረከርሁት። ዞሮ ዞሮ ሲቆም ስዕሉ ያለበት ወገን ወደ ታች ወረደ። አሁንም አሽከረከርሁት፤ አሁንም ስዕሉ ወደ ታች። ነገሩ ገባኝ። ስዕሉ ወፍራም ወረቀት ላይ የታተመ ነው፤ በአንድ ወገን ከብዶ ሲዲውን እንደ ሰካራም ያንገዳግደዋል። "እዚህ ላይ ነው የሚለጠፈው? ሻሹ ላይ ብታደርጊው ምን ነበር?" ብዬ ብቻዬን ተቆጣኋት። ወዲያው ደነገጥሁ፤ ሞታ እንደሆነ ምን ቁጣ ነው የምቆጣት።

ምላጭ አንሥቼ የስዕሉን ጫፍ ቀስ አድርጌ ላቅቀው ጀመርሁ። ብዙ ሰው የሲዲ ምስል ያለው በሚያብረቀርቀው በታችኛው ፊት ይመስለዋል። ያለው ከላይ ነው፣ ከጽሑፉ ሥር ባለችው ስስ የብር ቅብ ላይ። ጫፉ ሲነሣ ብሩ አብሮ ተላጠ፤ በተላጠው በኩል ብርሃን ታየኝ። ምላጩን ጣልሁት። አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጌ ስቤው ቢሆን እህቴን በገዛ እጄ ልፍቃት ነበር።

አጎቴ የሱቁ በር ላይ ቆመው ያዩኛል።

"የእመቤታችንን ስዕል በምላጭ?"

"ትቼዋለሁ ጋሼ። አይነሣም።"

"ሴቶቹን ዝም ማሰኘት አቅቶኛል። እግዚኦታ እየደረሰ ነው። የማይሆን ከሆነ ንገሪኝና ልቤን ልቁረጥ።"

"አይቁረጡ" አልሁ። እሳቸው ወደ ግቢው ተመለሱ።

ስዕሉን ማንሣት ካልቻልሁ የቀረኝ ሌላውን ወገን ማክበድ ነው። የቁስል ፕላስተር ቆርጬ ከስዕሉ ትይዩ ለጠፍሁ። በእርሳሱ አንጠልጥዬ አየሁት፤ አሁንም ስዕሉ ይወርዳል። ሌላ ደረብሁ፤ አሁን ደግሞ ፕላስተሩ ወረደ። ከጫፉ በመቀስ ነጨት አደረግሁ። እግዚኦታው ተጀምሯል፤ ሕዝቡ እግዚኦ ሲል እኔም በመቀሱ አብሬ እል ነበር። በመጨረሻ ሲዲውን በየትኛውም በኩል ባቆመው ባለበት ረጋ።

ክዳኑን ሳልመልስ አስገባሁት። ተነሣ። ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፤ ማጫወቻውን በሁለት እጄ ጫን አድርጌ ያዝሁት። ቴሌቪዥኑ ጠቆረ፣ ተቆራረጠ፣ ከዚያ የእህቴ ፊት መጣ። ፊቷ ብቻ። ከስታለች፤ ሻሽ አስራለች። "እማዬ እንዴት ነሽ" ስትል ምስሉ ደረቀ። ፊት ብቻውን ምን ያደርግልኛል? በየትኛውም ጊዜ ልትነሣው ትችላለች። ማጫወቻውን የያዝሁበትን ቦታ ለወጥ አደረግሁ፤ ምስሉ ተንቀሳቀሰ። አሠሪዎቿ ስልኳን እንደነጠቋት ስትናገር ሰማሁ። ከዚያ ከወንበሯ ተነሥታ "እዩት፣ ልክ ሆነኝ" ብላ ዞረች።

ጥልፉ ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ አረንጓዴ ነው። ሰማያዊው ክር አልቆበት ጠላፊው በአረንጓዴ ስለጨረሰው ልብስ ሰፊው ቤት ድረስ ሄጄ የተጣላሁበት ጥልፍ ነው። እንዲህ ያለ ቀሚስ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው።

ማጉያው "እትዉ በሰላም" አለ። ቅዳሴው ወጣ። እንባዬ ሊመጣ ሲል ገታሁት፤ ጊዜው አልነበረም። ማጫወቻውን አጥፍቼ የሱቁን ቁልፍ ፈለግሁ። ስወጣ ሰው መንገዱን ሞልቶት ነበር፤ በነጭ ለባሽ መካከል እየተጋፋሁ ሳልፍ ከግቢያችን የእናቴን ጩኸት ሰማሁ።

ነገሯት አልሁ። አጎቴን የምላቸውን ክፉ ቃል እየመረጥሁ በሩን በርግጄ ገባሁ። እናቴ መሬት ላይ ናት፤ ሴቶቹ ክንዷን ይዘዋታል። አጎቴ "እስቲ ቆዪ፣ ስሚኝ፣ ምንም አላልሁሽም" ይላሉ፤ አትሰማቸውም። እንዲህ እያለች ታለቅሳለች፦

"አንቺ እጀ ብልኋ፣ የሞተውን የምታናግሪው፤ ማን ይከፍተዋል ሱቅሽን? ዝም ያለውን ሁሉ ስታስለፈልፊ ኖረሽ፣ አንቺን ማን ይጠግንልኝ?"

ማንን እንደምታለቅስ መጀመሪያ አልገባኝም። እህቴ ሱቅ የላትም። አጎቴ ስለ እህቴ አንድ ቃል አልተነፈሱም ነበር። እናቴ ከበሩ ገብታ፣ ነጠላውን ያዘቀዘቀውን ሰው ስታይ፣ በዓይኗ የፈለገችው እኔን ነው። እኔ ደግሞ አልነበርሁም። በሹክሹክታ ስታወራው የኖረችውን ሙያዬን በአደባባይ ጮኻ ታወድሰዋለች፤ ቆሜ ሰማኋት።

"እማዬ" አልሁ። "አለሁ።"

ቀና አለች። ተንፏቅቃ መጥታ የቀሚሴን ጫፍ ያዘች፣ ከዚያ ክንዴን፣ ከዚያ ፊቴን ዳበሰች። እጄ አልኮል አልኮል ይሸት ነበር፤ አሸተተችው።

"የት ነበርሽ?"

"ሱቅ።"

"በሰንበት ብሎን ትፈቻለሽ?" አለችና ትከሻዬን መታችኝ። ከዚያ ፊቷን ደረቴ ላይ ቀበረች።

አጎቴ ከራሷ በላይ በዓይናቸው ጠየቁኝ። "ለብሳዋለች" አልኋቸው። ዘንጋቸውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ነጠላቸውን አቃኑ።

እናቴን ደግፌ ወደ ሱቅ ወሰድኋት፤ ስለ ወሬው የነገርኋት መንገዱን ስንሻገር ነው። ሲዲውን ከመጀመሪያው አስነሣሁት። እህቴ "እማዬ እንዴት ነሽ" ስትል፣ እናቴ "ደኅና ነኝ ልጄ" ብላ መለሰችላት። ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለችም፤ እጄን ግን ጨምድዳ ይዛዋለች። ማጫወቻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ልቀቂኝ ማለት አቃተኝና በአንድ እጄ ብቻ ደግፌ ያዝሁት።